የቤት ቁጥር

ቅጹን መለስ አርግልኝ፣ ልጄ፣ እስቲ ላንብበው።
ስሜን ጽፈኸዋል፤ ዝማም ነው፤ ልክ ነው።
የአባት ስም አየልኝ፤
ሥራ፦ ጡረተኛ፤
ዕድሜውን አትቀስቅስ፣ እንዳለ ይተኛ።
የቤት ቁጥር ላይ ግን እስክሪብቶህ ቆመብህ፤
ቁጥር የለንም ብል ፊትህ ጨለመብህ።

ቤታችን ጎማ አለው።
ስድስት ጎማ አለው፣ አንዱ የተለጠፈ፤
ስንቴ ሊማሊሞን ወርዶ የተረፈ።
ይርሳው ነበር ነጂው። ባንድ ሰኔ አረጁ፤
እሱን አሰናበቱ፣
ዳማን በጨረታ ሊሸጧት አወጁ።
ከጋራዡ ጀርባ ሣር ውጧት አየናት፤
ከወንበሮቿ ሥር ድመት ወልዳባት።
ድመቷን ጭምር ነው በጨረታ የገዛናት።

አከራይ በየመስከረሙ ሲጨምር፣
እኛም በየመስከረሙ ስንቆጥር፣
ሃያ ስድስት ዓመት ኖርን በሰው በር።
«ግድግዳችን ይሂድ» አለኝ አንድ ማታ፣
«እኛ መሄድ ሲያቅተን በጡረታ።»

ልጄ ባሕር ዳር ነች፤ ደውላ አለቀሰች፤
«ሰው ምን ይላል፣ እማዬ?» አለች።
ሰው ያለውን ብሏል፤ ሦስት ቀን አወራ፤
በአራተኛው ቀን ሊሳፈር ተጠራራ።

ትስቃለህ? እውነቴን ነው። ቅዳሜ በጧት
ሽንኩርት ስከትፍ አንዲት እናት
ሁለት ዶሮ አንጠልጥላ ገባች፤
አልጋዬን በመዳፏ ጠርጋ ተቀመጠች።
«አምባ ጊዮርጊስ ናት?» ከመቀነቷ ብር ስትፈታ፣
እኔ «ቤት ነው» ልላት አፌን ሳፍታታ፣
ይርሳው ቀደመኝ፦ «ጠጋ በይላት እንጂ፣ ዝማም!»
ቁልፉን ይዟል፤ እንዲያ ፊቱ በርቶ አይቼው አላውቅም።
ሄድን። የወሩን ናፍጣ ባንድ ቀን ጨረስነው፤
ድስቴ ተገልብጦ ሽሮውን ከወለል በጭልፋ ዛቅነው።
ብሯን አልተቀበለም፤
ቲኬት ግን ቆረጠላት፣
ካሮጌው ጥራዝ የተረፈች አንዲት።

የምታድሩት የት ነው? አልከኝ።
ቁልቁለት ላይ።
ባትሪዋ ደክሟል፤ ዳማ ካልተንከባለለች አትነሣም፤
ስለዚህ ሜዳ ላይ አናድርም።
ጎንደርን እንዲህ አታውቃትም አንተ፣ በቁልቁለቷ።
ክረምት አዘዞ፣ ከነዳጅ ማደያው በላይ፣
ለሽንት ቤቱ ብለን ነው፣ ይቅርታ አርግልኝ፤
ጥር ሲገባ ፋሲል መዋኛ፣ ከአጥሩ ሥር፣
ውሃው ሲሞላ ለማየት፤
አንዳንዴ ወደ ጎሃ፣ ጥበቃው የሚያውቀን ልጅ ሲሆን።
ትራሴ ሌሊቱን ይንሸራተታል፤ ለመድኩት።
ሁለት ድንጋይ ከጎማው ሥር አለ፤
ይርሳው በጨለማ ወርዶ ይዳስሳቸዋል፣
እኔ ድሮ ሆስፒታል በአዳር ተረኝነቴ
የሕፃናቱን ግንባር እንደምዳስሰው።

ስንጣላ የሚወረወር በር የለም።
እሱ መሪው ጋ፣ እኔ ከኋላ ወንበር፣
ስምንት ሜትር ዝምታ መሐላችን ሲያድር፣
ያቺን ትልቅ መስታወት ጠምዘዝ ያረጋታል፤
ጢሙን የሚያይ መስሎ እኔን ያየኛል።
«አይቼሃለሁ!» እለዋለሁ።
«መንገዱን ነው» ይላል።

ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት፣ የድሮ መነሻው ሲደርስ፣
በእንቅልፉ ይጮኻል፦
«ሞልቷል! ሞልቷል፣ የሚቀጥለውን ጠብቁ!»
ያለነው እኔና ድመቷ ነን።

ሰልፉ አጉረመረመ፤ አላቆይህም።
ሰረዝ አርግበት። ወይ ባዶ ተወው።
ካልሆነም ወንበሬን ጻፈው፦
አሥራ አራት ቁጥር፣ በመስኮት በኩል፤
ቀለሙ ዛሬም አልለቀቀም።
ማኅተሙን ብቻ ቶሎ አድርገው፣ ልጄ፤
ይርሳው ከበራችሁ ፊት፣ ቁልቁለቱ ላይ፣
ፍሬኑን በእግሩ ረግጦ ይጠብቀኛል፤
ድንጋይ አላገኘንም ዛሬ፤
እግሩ ደግሞ ይደክመዋል።